ፕሮጄስትሮን ለተመታ ጭንቅላት፦ ከአይጥ ላብራቶሪ እስከ 2,000 ታካሚዎች

በዲሴምበር 2014 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን የተባለው የሕክምና መጽሔት ሁለት ጥናቶችን ጎን ለጎን አወጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው። ጭንቅላቱን ክፉኛ ተመትቶ ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው ፕሮጄስትሮን ቢሰጠው ይሻለዋል ወይ? አንዱ ጥናት 882፣ ሌላው 1,195 ሰው አሳትፏል። የሁለቱም መልስ አጭር ነበር፦ አይሻለውም።

ፕሮጄስትሮን ያው የምናውቀው የሴት ሆርሞን ነው። ማሕፀንን ለፅንስ የሚያዘጋጅ፣ እርግዝናን የሚያጸና። ታዲያ ጭንቅላቱ ለተፈነከተ ሰው፣ ያውም አብዛኛው ወንድ ለሆነ ታካሚ፣ ይህን ሆርሞን መስጠት ለማን ታየው? ከዚያስ እንዴት ሁለት ሺህ ሰው ድረስ ደረሰ? ነገሩ ሲወራ ብዙ ጊዜ «አይጥ ሰው አይደለም» ተብሎ ይዘጋል። እኔ በዚህ አልረካም። ሐሳቡ ውስጥ በሰው ላይ ሳይለካ የታለፈ አንድ እርከን አለ፤ የወደቀውም እዚያ ጋ ይመስለኛል።

ሴቶቹ አይጦች

ዶናልድ ስታይን አሜሪካዊ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ነው። ሥራው አንጎላቸው የተጎዳ እንስሳት እንዴት እንደሚያገግሙ ማጥናት ነው። ገና በ1960ዎቹ፣ ተማሪ ሳለ፣ አንድ ነገር ዓይኑ ውስጥ ገባ። ተመሳሳይ ጉዳት ከደረሰባቸው አይጦች መካከል አንዳንዶቹ ሴቶች ምንም እንዳልነካቸው ሆነው ይነሳሉ። በዚያ ዘመን ብዙ ላብራቶሪ የሚሠራው በወንድ አይጥ ብቻ ነበር። የሴቷ ሆርሞን ከፍ ዝቅ እያለ ውጤቱን ያበላሽብናል የሚል ሰበብ ነበራቸው። ስታይን ግን መልሱ እዚያው «ያበላሻል» በተባለው ነገር ውስጥ ቢሆንስ ብሎ ጠረጠረ።

በ1987 እሱና ባልደረቦቹ ይህን በቀጥታ ፈተሹት። ሴት አይጥ ሳታረግዝ ሰውነቷ እንዳረገዘ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። የውሸት እርግዝና ይባላል። በዚያን ጊዜ ፕሮጄስትሮኗ ከፍ ብሎ ይቆያል። በዚህ ሁኔታ ላይ ሳሉ የፊተኛው አንጎላቸው የተጎዳ አይጦች፣ በተለመደው ዑደታቸው ላይ ከተጎዱት በተሻለ አገገሙ። ቀጥሎ ሆርሞኑ ለወንዶቹም ተወጋ። በ1992 በወጣው ሥራ የአንጎል እብጠቱ በሴቷም በወንዱም ቀነሰ። ነገሩን የለወጠው ይሄ ነው። ጥቅሙ የሴትነት ሳይሆን የሆርሞኑ ከሆነ፣ ለማንም መስጠት ይቻላል ማለት ነው።

ከምቱ በኋላ ያሉት ሰዓታት

የጭንቅላት ጉዳት በሁለት ዙር ይመጣል። አንደኛው ምቱ ራሱ ነው። የተቀደደው ተቀዷል፣ የደማው ደምቷል፤ መድኃኒት አይደርስበትም። ሁለተኛው ግን በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። መድኃኒት ሠሪው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው እዚህኛው ላይ ነው። የዚህ ሁለተኛ ዙር አንዱ ዋና ተዋናይ ኦክሲደቲቭ ስትረስ ነው፤ ማለትም ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ ያገኙትን የሚያበላሹ ሞለኪውሎች ሴሉ ሊከላከል ከሚችለው በላይ ሲበዙ።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። የሚፈጀው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ገደማ ነው። የሴሎቹ ሽፋን ደግሞ በቀላሉ በሚበላሽ ቅባት የተሞላ ነው። አንጎል ሲመታ የነርቭ ሴሎች ግሉታሜት የሚባለውን መልእክተኛ ያለ ልክ ይለቃሉ። ካልሲየም ወደ ሴሉ ይጎርፋል። የሴሉ ኃይል ማመንጫ የሆነው ሚቶኮንድሪያ ካልሲየሙን ሲያግበሰብስ ሥራው ይዛባና ሱፐሮክሳይድ የሚባለውን ፍሪ ራዲካል ማፍሰስ ይጀምራል። ሱፐሮክሳይድ ከናይትሪክ ኦክሳይድ ጋር ከተገናኘ ፐሮክሲናይትራይት ይወጣዋል፤ ይሄኛው ይብሳል። የፈሰሰው ደምም ብረት ይዞ ይመጣል። ብረት ባለበት ሁሉም ነገር ይፈጥናል። ከዚያ ተራው የሽፋኑ ነው። አንድ የተበላሸ ቅባት ጎረቤቱን ያበላሻል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ቀጣዩን። ሽፋኑ ይሳሳል፣ ያፈሳል፣ አንጎሉ ያብጣል። የራስ ቅል አጥንት አይለጠጥም። እብጠቱ መሄጃ ስለሌለው አንጎሉን መልሶ ይጫነዋል።

በ1997 የስታይን ቡድን ይህን የቅባት መበላሸት ለመለካት ተነሳ። ችግሩ ፍሪ ራዲካል በቅጽበት የሚጠፋ ነገር መሆኑ ነው። ይዘህ ልትቆጥረው አትችልም። ስለዚህ እሳቱን ትተህ አመዱን ትለካለህ። አመዱ ኤይት-አይሶፕሮስታግላንዲን ኤፍ-ቱ-አልፋ ይባላል፤ አይሶፕሮስታን ከሚባሉት ቅሪቶች አንዱ ነው። በሴል ሽፋን ውስጥ ያለው አራኪዶኒክ አሲድ በፍሪ ራዲካል ሲመታ የሚቀር ቅሪት ነው፤ እንደ ራዲካሉ አይተንም። አይጦቹ የፊተኛው አንጎላቸው ይመታል። ግማሾቹ በዘይት የሟሟ ፕሮጄስትሮን፣ ግማሾቹ ባዶ ዘይት ይወጋሉ። (ፕሮጄስትሮን በውሃ አይሟሟም። ይህ ባሕርይው ኋላ ለሰዎቹ ሙከራም ጣጣ ሆኗል።) ከ24፣ ከ48 እና ከ72 ሰዓት በኋላ አንጎላቸው ወጥቶ ቅሪቱ ተለካ። ፕሮጄስትሮን ባገኙት ውስጥ የተገኘው፣ ባዶ ዘይት ከተወጉት ሲሶ ገደማ ብቻ ነበር።

እንዴት ቀነሰው? እዚህ ላይ ሌላው የሴት ሆርሞን ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን መንገዳቸው ይለያያል። ኢስትራዲዮል የሚባለው ዋናው ኢስትሮጅን በአንድ ጫፉ ፌኖል የሚባል ቀለበት አለው። ከዚያ ላይ ሃይድሮጅን አንስቶ ለራዲካሉ ይሰጥና ያበርደዋል። ቫይታሚን ኢም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ፕሮጄስትሮን ይህ ቀለበት የለውም። እሱ የሚሠራው በዞረ መንገድ ነው። እንደ ሱፐሮክሳይድ ዲስሙቴዝ ያሉ የሴሉን የራሱን መከላከያ ኤንዛይሞች ያጠናክራል፣ የብግነት (ኢንፍላሜሽን) ምልክቶችን ይቀንሳል፣ እብጠትን ያቀላል። አንጎል ውስጥ ሲገባ ደግሞ ከፊሉ አሎፕሬግናኖሎን ወደሚባል ነገር ይለወጣል። ይህም ጋባ የሚባለውን የአንጎል ማረጋጊያ መንገድ ያበረታል። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ በቀጥታ የሚያጠፋ ሳይሆን በብዙ መካከለኛ እርምጃ የሚሠራ ነገር፣ እርምጃዎቹ በሙሉ ካልሠሩ አይደርስም።

ስለ ሰውስ? ፍንጭ ነበር። በ2004 የአሜሪካዋ ፒትስበርግ ከተማ ተመራማሪዎች ከባድ የጭንቅላት ጉዳት ከደረሰባቸው ሰዎች የአንጎል ፈሳሽ ወስደው እነዚሁኑ አይሶፕሮስታኖች ለኩ። የወንዶቹ ከሴቶቹ በግልጽ ከፍ ብሎ ተገኘ። ማለትም በጾታና በኦክሲደቲቭ ስትረስ መካከል ያለው ግንኙነት በሰው አንጎልም ታይቷል። ግን ሴቶች በእርግጥ ከወንዶች በተሻለ ያገግማሉ ወይ ሲባል፣ የሰው ጥናቶች እርስ በርስ አይስማሙም። አንዱ አዎ ይላል፣ ሌላው የለም፣ ሌላው እንዲያውም በተቃራኒው። መጠንቀቅ ይገባ የነበረው ያኔ ነበር።

አትላንታና ሃንግዡ

ስታይን ያኔ ኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከዚያው የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም ከሆነው ከዴቪድ ራይት ጋር ሆነው ሐሳቡን ወደ ሰው አመጡት። ሙከራው ፕሮቴክት ተባለ፣ ቦታው የአትላንታው ግሬዲ ሆስፒታል። ውጤቱ በ2007 ወጣ። 100 ሰው ተሳተፈ፤ በዕጣ 77ቱ ፕሮጄስትሮን፣ 23ቱ ባዶ መድኃኒት አገኙ። በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት ፕሮጄስትሮን ካገኙት 13 በመቶ፣ ባዶ ካገኙት 30.4 በመቶ ነበሩ።

ወሬው ሲዞር የተወራው ይህ ቁጥር ነው፤ ሞትን ከግማሽ በላይ ቀነሰ ተባለ። እስቲ ወደ ሰው ቁጥር እንመልሰው። ከ77ቱ 10፣ ከ23ቱ 7 ሰው ማለት ነው። ከሰባቱ ሦስቱ ተርፈው ቢሆን ኖሮ 30.4 የነበረው ወደ 17.4 በመቶ ይወርድ ነበር። ሦስት ሰው! ሙከራው ሲታቀድም ዋና ዓላማው መድኃኒቱ ጉዳት የለውም ወይ የሚለውን ማየት እንጂ ያድናል ወይ የሚለውን መመለስ አልነበረም። አዘጋጆቹም ይህን አልደበቁም።

በ2008 ቻይና ውስጥ፣ ከሃንግዡ ከተማ፣ ሁለተኛ ውጤት መጣ። 159 ሰው ነው የተሳተፈው። ፕሮጄስትሮኑ በጡንቻ እየተወጋ ለ5 ቀን ተሰጠ። በ6 ወር የሞቱት 18 በመቶ ከ32 በመቶ ጋር ሲነጻጸር፣ አሁንም ወደ ጥሩው ያዘነበለ ነበር። ሁለት አገር፣ ሁለት ሆስፒታል፣ አንድ አቅጣጫ። ርካሽ መድኃኒት፣ ለረጅም ዘመን የተሠራበት፣ አቅራቢው ብዙ። ለትልቅ ሙከራ ገንዘብ ቢወጣለት ማን ይፈርዳል?

ትልቁ ሙከራ

ፕሮቴክት 3 በአፕሪል 2010 ጀመረ፤ ወጪውን የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም ችሎታል። 49 የድንገተኛ ጉዳት ማዕከላት ገቡበት። መድኃኒቱ በተጎዱ በ4 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ96 ሰዓት በደም ሥር ይንጠባጠባል። ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ራሱን ስቷል። አስታማሚውም በ4 ሰዓት ውስጥ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ሙከራው ቀድሞ ፈቃድ ሳይጠየቅ በአስቸኳይ ሁኔታ እንዲካሄድ በሚፈቅድ የአሜሪካ ሕግ ተሠራ። ቀድሞ ለየአካባቢው ነዋሪ ተነገረ፣ ኋላ ቤተሰብ ሲገኝ ይጠየቃል። ለእኛ አገር ሰው ይህ ትንሽ ይከብዳል፤ ዘመድ ሳይሰማ በታማሚ ላይ ሙከራ? ነገር ግን ሌላ መንገድ አልነበራቸውም።

ዕቅዱ 1,140 ሰው ነበር። 882 ላይ ሲደርስ መረጃውን የሚከታተለው ገለልተኛ ቡድን ቢቀጥል ዋጋ የለውም ብሎ አስቆመው። በ6 ወር በጥሩ ሁኔታ የተገኙት፣ ፕሮጄስትሮን ከወሰዱት 51.0 በመቶ፣ ባዶ ከወሰዱት 55.5 በመቶ ናቸው። ባዶው ነው ከፍ ያለው። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ በሚችለው ልክ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ጎዳ ማለት አይቻልም። ጠቀመ ማለት ግን ጨርሶ አይቻልም። በግልጽ የለየው የጎንዮሽ ችግሩ ነው፦ መርፌው የገባበት ደም ሥር መቆጣት በፕሮጄስትሮን በኩል 17.2 በመቶ፣ በባዶው 5.7 በመቶ።

ሌላኛው ሙከራ ሲናፕስ ይባላል። ቢ ኤች አር ፋርማ የተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ያስኬደው ነው። 21 አገር፣ 1,195 ሰው፣ ከ16 እስከ 70 ዓመት የሆኑና ሁሉም ከባድ ጉዳት ያለባቸው። በ8 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ120 ሰዓት ተሰጠ። በጥሩ ሁኔታ የተገኙት 50.4 በመቶ ከ50.5 በመቶ። ከዚህ የበለጠ እኩል የሆነ ውጤት ማግኘት ይከብዳል።

ታዲያ ምን ሆነ?

የሚሰጡ ማብራሪያዎች አሉ፣ አብዛኞቹም እውነት አላቸው። በላብራቶሪ አይጦቹ አንድ ዘር፣ አንድ ዕድሜ፣ አንድ ዓይነት ምት፣ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚመቱት። ግሬዲ የሚገባው ሰው ግን አንዱ መኪና ገጭቶት፣ አንዱ ከፎቅ ወድቆ ነው። የአንዱ አንጎል ደም ቋጥሯል፣ የሌላው የነርቭ ገመዶች በመናወጥ ብቻ ተበጣጥሰዋል። ይህን ሁሉ «የጭንቅላት ጉዳት» ብሎ አንድ ቅርጫት ውስጥ መክተት ይከብዳል። መጠኑም ጥያቄ ነበረው። በሰው ላይ የትኛው መጠን ይሻላል የሚለው በወጉ ሳይፈተሽ ነው ወደ ትልቁ የተሄደው። ውጤት የተለካበት ሚዛንም ደረቅ ነው ተብሏል፤ ስድስት ወር ቆይቶ «ራሱን ችሎ ይንቀሳቀሳል ወይ» ከሚል ጥያቄ ትንሽ መሻሻል ሊያመልጥ ይችላል። ስታይንም ራሱ በ2015 ውድቀቱ ምን ያስተምራል ብሎ በጉዳዩ ላይ ጽፏል።

ለእኔ ግን ዋናው ነገር ሌላ ቦታ ነው። የሐሳቡ ሰንሰለት እንዲህ ነበር፦ ፕሮጄስትሮን ይሰጣል፤ ኦክሲደቲቭ ስትረስና እብጠት ይቀንሳል፤ ሴሎች ይተርፋሉ፤ ሰውዬው ይሻለዋል። በአይጥ ላይ ሁሉም እርከን ተለክቷል። በሰዎቹ ሙከራዎች ግን ሁለተኛው እርከን፣ ኦክሲደቲቭ ስትረሱ፣ ሳይለካ ነው የታለፈው። የፕሮቴክት 3 ተጓዳኝ ጥናት ከታካሚዎቹ ደም እየተወሰደ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የነርቭና የደጋፊ ሴሎች ጉዳት ምልክቶችን ለክቶ ነበር። ጂ ኤፍ ኤ ፒ፣ ዩ ሲ ኤች ኤል ዋን፣ ኤስ መቶ ቢ የሚባሉት ፕሮቲኖች ናቸው። ፕሮጄስትሮን አልቀነሳቸውም። ማለትም መድኃኒቱ ሰው አንጎል ውስጥ ገና ሦስተኛው እርከን ላይ ሳይደርስ ቆሟል። ሁለተኛው እርከን ላይስ ምን ሆነ? እነዚህ ፕሮቲኖች የሚናገሩት ሴል መሰበሩን ነው፣ የቅባቱን መበላሸት አይደለም። ለዚያ የ1997ቱን አይሶፕሮስታን ዓይነት ልኬት ይፈልግ ነበር። ፒትስበርግ በ2004 በሰው መለካት እንደሚቻል አሳይታ ነበር እኮ።

ይህ የፕሮጄስትሮን ብቻ ጣጣ ቢሆን ኖሮ ዝም ይባል ነበር። ከእሱ በፊት ሱፐሮክሳይድ ዲስሙቴዝን ራሱን በደም ውስጥ እንዲቆይ አድርገው ለተመታ ጭንቅላት ሰጥተው ነበር፤ በ1996 አልሠራም ተባለ። ቲሪላዛድ የሚባል፣ በተለይ የቅባት መበላሸትን እንዲያቆም የተሠራ መድኃኒት ነበር፤ እሱም አልተሳካለትም። ቲሪላዛድ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ታየ። አንጎል ላይ ደም በፈሰሰባቸው ታካሚዎች ሲሞከር የተጠቀሙት በአብዛኛው ወንዶቹ ነበሩ። የሴቶቹ ሰውነት መድኃኒቱን በፍጥነት ያስወግደው ነበር። ጾታ ከኦክሲደቲቭ ስትረስ ጋር በሆርሞን ብቻ ሳይሆን በጉበትም በኩል ይገናኛል ማለት ነው! ስትሮክ ላይ ደግሞ ኤን ኤክስ ዋይ-059 የተባለው ራዲካል አጥማጅ በመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ ተስፋ ሰጥቶ፣ በሁለተኛው በ2007 ባዶ እጁን ተመለሰ።

ስቴሮይድ የሚለው ቃል ሰውን ያደናግራል፣ ልለየው። ፕሮጄስትሮን በኬሚካል ቤተሰቡ ስቴሮይድ ነው። በአንጎል ጉዳት ዘንድ ስሙ የጠፋው ግን ሌላው ዓይነት ነው፣ ኮርቲኮስቴሮይድ። ክራሽ የተባለው ሙከራ 10,008 ሰው አሳትፎ በ2004 ውጤቱን ሲያወጣ፣ ሜቲልፕሬድኒሶሎን ካገኙት በሁለት ሳምንት ውስጥ 21.1 በመቶ ሞተዋል፤ ባዶ ካገኙት 17.9። ያ መድኃኒት ለዓመታት በልማድ ሲሰጥ የነበረ ነው። ፕሮጄስትሮን ቢያንስ እንዲህ ዓይነት ጉዳት አላሳየም።

ሌላም መምታታት አለ። እኛ ዘንድ ፕሮጄስትሮን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሦስት ወሩን መርፌ ነው። ዲፖ-ፕሮቬራ ውስጥ ያለው ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን ነው፤ ሰው ሠራሽ ዘመድ። ማሕፀን ላይ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። አንጎል ውስጥ ግን ወደ አሎፕሬግናኖሎን አይለወጥም። በተመቱ አይጦች ላይ ሲሞከርም እብጠቱን ቀነሰ እንጂ ማገገማቸውን አላሻሻለም። ስለዚህ መርፌውን የምትወጋ ሴት አንጎሏ ተጨማሪ ጥበቃ አለው ብሎ ማሰብ አያስኬድም። ከነዚህ ጥናቶች ውስጥ የሚደግፈው የለም።

ዛሬ ጭንቅላቱን ተመትቶ ለገባ ሰው የሚደረገው ያው የሚታወቀው ነው። የመተንፈሻ መንገዱ ክፍት እንዲሆን ይደረጋል፣ ደም ግፊቱ እንዳይወርድ ይደረጋል፣ በራስ ቅሉ ውስጥ ያለው ግፊት ይታያል፣ ደም ከቋጠረ ቶሎ ይከፈታል። ፕሮጄስትሮን ከዝርዝሩ ውጭ ነው። አሎፕሬግናኖሎን ግን በሌላ በር ገባ። በ2019 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ብሬክሳኖሎን በሚል ስም ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ ድብርት ፈቀደው፤ ለ60 ሰዓት በደም ሥር የሚንጠባጠብ። በ2023 ደግሞ ዙራኖሎን የተባለ፣ ለ14 ቀን የሚዋጥ ዘመዱ ተፈቀደ። ሁለቱም የሚሠሩት በጋባ መንገድ ነው፣ ኦክሲደቲቭ ስትረስን ያጠፋሉ ተብለው አልገቡም።